የኦዴት አክስቶች በሕግ ትምህርት ቤት

ኦዴት ፉርታዶ ቀን በወደቧ ከተማ አውቶቡስ ትነዳለች፤ ማታ ሕግ ትማራለች። ትምህርት ቤቱ በአሮጌ የሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ያለ የግል ተቋም ነው፤ ከማሞቂያው ጀምሮ የማይታመም ነገር የለውም። መምህራኑ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ስለ ፍትሕ ያስተምራሉ። በሰኔ ይዘጋል ተብሎ ተወርቷል። ኦዴት ለመመረቅ የቀራት አንድ ዓመት ነበር፤ ቤቱ ከተዘጋ ልፋቷ ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

በመካከሉ ኮረብታው ላይ ያለው የመንግሥት ኮሌጅ ይግዛው የሚል ሐሳብ መጣ። ወዲያው ጋዜጣው ላይ «በአገሩ ጠበቃ በዝቷል!» የሚል ጩኸት ቀለጠ። የጮኹት ሁሉ ጠበቆች ነበሩ። ወደቡም ላይ እንዲሁ ነው፤ አጥማጅ በዛ ብሎ የሚያማርረው አጥማጁ እንጂ ዓሣ ገዢው አይደለም።

ኮሌጁ ትምህርት ቤቱን የሚያዩ ሰዎች ሊልክ ሆነ። የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን ፕሬስኮት ሃድሊ ኦዴትን ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ።

«ላይብረሪው ወና ሆኖ እንዳያገኙብን። ሰው አለሽ?»

«ሰውስ ሞልቶኛል፤ ተማሪዎች አይደሉም እንጂ።»

«መጽሐፍ ይዘው ከተቀመጡ ተማሪ ናቸው» አላት።

የኦዴት አክስቶች ፖርቱጋሎች ናቸው፤ በየዓመቱ ለመንፈስ ቅዱስ በዓል ለሰፈሩ ሁሉ ሾርባ የሚቀቅሉ ሴቶች። ለሥራ ሲጠሩ «ለስንት ሰው ነው?» ይላሉ እንጂ «ለምን?» ብለው አያውቁም። ጣፋጭ ዳቧቸውን ይዘው ከች አሉ። ታላቋ፣ አክስት ሄርሚኒያ፣ የንብረት ሕግ መጽሐፍ ከፍታ እላዩ ላይ ተኛች። ሌሎቹ በፖርቱጋልኛ ጎረቤት ያማሉ። እንግዶቹ ግን የጦፈ የዓለም አቀፍ ሕግ ክርክር መስሏቸው በእግር ጣታቸው አለፉ፤ ዳቦውንም በሉ።

ሪፖርቱ ወጣ። «በጥናት የተጨናነቀ፣ ሞቅ ያለ ተቋም» ይላል። ሃድሊ እየሳቀ አነበበና መጨረሻው ላይ ሳቁ ደረቀ፦ «ስለዚህ የመንግሥት ድጋፍ አያስፈልገውም።»

የኮሌጁ ቦርድ ከመወሰኑ በፊት ሕዝቡን ሰበሰበ። እንደ ደንቡ ማንም ሰው ሦስት ደቂቃ ይናገራል፤ ቀይ መብራት ሲበራ ይቀመጣል። ሃድሊ ስለ መጪው ዘመን ተናገረ፤ ዛሬ ላይ ሳይደርስ መብራቱ ቀላ። የኦዴት ተራ ደረሰ። ዝም ብትል ትምህርት ቤቷ ይዘጋል። ብትናገር ደግሞ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው ኮሚቴ ጠባይ ይመረምራል፤ ያታለለን ሰው በቀላሉ አያሳልፍም። ተነሣች።

«ላይብረሪው ውስጥ ያያችኋቸው ተማሪዎች አይደሉም፤ አክስቶቼ ናቸው። ቤቱ እየሞተ ነው። የጠራኋቸው እኔ ነኝ» አለች። «ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት ቀን ነው። ቀን እኔ እናንተን አመላልሳለሁ። ታዲያ መቼ ልማር?»

 ቦርዱ ግዢውን በአንድ ድምፅ ብልጫ አጸደቀ።

ኦዴት በዓመቱ ተመረቀች፤ የጥብቅና ፈተናውንም አለፈች። የጠባይ ኮሚቴው ግን ጠራት። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ስተርጂስ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ይህን ያዘዘሽ ሰው አለ?» አሏት።

«የጠራኋቸው እኔ ነኝ» አለች ኦዴት። ሰው አሳልፎ መስጠት ከቤቷ አልተማረችም።

ኮሚቴው ተመካከረና ፈቃዱን አቆየው። በመጀመሪያ የሙያ ሥነ ምግባር ኮርስ ወስዳ፣ ከመምህሩ የመልካም ጠባይ ምስክርነት ታምጣ ተባለ። እውነት የተናገረችው ኦዴት ብቻ ናት፤ ሥነ ምግባር የጎደላትም እሷው ሆና ተገኘች። ያናድዳል።

ኮርሱ በተጀመረበት ማታ አክስቶቿ ልጃችንን ማን እንደሚቀጣት እንይ ብለው ከነዳቧቸው ተከትለዋት ገቡ። በሩ ተከፈተ። መምህሩ ፕሬስኮት ሃድሊ ነበር፤ ግዢው ሲፈጸም ኮሌጁ ይህን የማስተማር ሥራ ሰጥቶታል። ኦዴትን ሲያይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የዛሬው ርእሳችን፣» አለ፣ «እውነትን ስለ መናገር ነው።»

አክስት ሄርሚኒያ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች።

«ኦዴት ልጄ፣ ላይብረሪውን በሰው ሙይልኝ ያለሽ ሃድሊ የሚሉት ሰውዬ ይሄ ነው እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሃድሊ እንደ ቲማቲም ቀላ። ትምህርቱ ሲያበቃ ኦዴትን ኮሪደሩ ላይ ደረሰባትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምጣት አያስፈልግሽም፤ ምስክርነቱን ነገ እጽፍልሻለሁ» አላት።

«አይ፣ እመጣለሁ» አለች ኦዴት። «እውነት መናገርን እርስዎ ብቻዎን ከተማሩት ምን ዋጋ አለው?»

አንድም ማታ ሳትቀር ኮርሱን ጨረሰች። ፈቃዷን የተቀበለች ቀን አውቶቡሷን ጋራዥ አስገብታ ስትመለስ አክስቶቿ በሯ ላይ ተሰልፈው ጠበቋት፤ እያንዳንዳቸው ጎረቤታቸውን ሊከሱ።