የዱካሞ የኤርዝያ ደብተር

ዱካሞን ጆሀንስበርግ፣ ሶዌቶ ሰፈር ባለች ሱቁ ዳቦና የስልክ ኤርታይም ሲሸጥ ያየ ሰው፣ ሶቭየት ኅብረት የተማረ የእርሻ ባለሙያ ነው ብሎ አይገምትም። በወጣትነቱ መንግሥት ከሆሳዕና ወስዶ ላከው። ለልምምድ የተመደበው ሞርዶቪያ በሚባል ክፍለ ሀገር፣ አንዲት የገጠር መንደር ነበር። ቤታቸው ያስጠጉት አሮጊት ማርፋ፣ ከጎረቤት ጋር የሚያወሩት በሩስኛ ሳይሆን በብሔራቸው በኤርዝያ ቋንቋ ነው። ዱካሞም የሚሉትን በደብተር ይጽፍ ጀመር።

ከሁሉ የማረከው የ“ቢሆን” ነገር ነው። ኤርዝያዎች “ብሄድ” ለማለት ግሡ ላይ ቅጥያ ጨምረው “ሞልንደርያን” ይላሉ። ነገሩ ሳይሆን ቀርቶ ካለፈ ደግሞ ሌላ ቅጥያ ይደርቡበታል፤ “ሞልንደርያቭሊን”፣ “ሄጄ ቢሆን ኖሮ” እንደማለት። እኛ “ኖሮ”ን ለብቻዋ እናቆማታለን፤ እነሱ ግሡ ሆድ ውስጥ ይከቷታል። ማርፋ እንዲህ ያሉ ሁለት መቶ አሥራ አራት ዓረፍተ ነገሮች ነገሩት፤ ስለ ላም፣ ስለ በረዶ፣ ከጦርነት ስላልተመለሰው ባላቸው።

ደብተሩ ከእሱ ጋር ሆሳዕናን፣ ኋላም ጆሀንስበርግን አየ። በኮሮናው ሎክዳውን ሱቁ ለሳምንታት ሲዘጋ፣ ቤሪያ ሰፈር ካለችው ጠባብ አፓርትማ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ፣ የየመንደሩን አነጋገር ለመጽሐፍ የምትሰበስብ ታትያና የምትባል ኤርዝያዊት መምህርት አገኘ። “ያቺ መንደር ዛሬ ሰው የላትም” ብላ ጻፈችለት። “ደብተርህን ላክልኝ፤ መጽሐፉ ውስጥ በስምህ ይገባል።”

ሚስቱ አስካለች ስትሰማ “የበለጥሽ አባት፣ ዛሬውኑ ፎቶ አንሣና ላከው” አለችው።

“በዚህ የተሞነጫጨረ ጽሑፍ? መጀመሪያ በንጹሕ ልገልብጠው።”

“የእጅ ጽሕፈትህን አይደለም የጠየቀችህ፤ ቃሉን ነው።”

“ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባለሙያ ብሎ የጠራኝ የለም። አሁንም እንደ ባለሱቅ ልቅረብላቸው?”

ሱቁ ሲከፈት ደብተሩን ወስዶ ከባንኮኒው ሥር አስቀመጠው፤ ደንበኛ ሲያጣ ይገለብጣል። አንድ ፊደል ከተበላሸ ገጹን ቀድዶ እንደገና ይጀምራል። ዓመት አልፎም ግማሹ አላለቀም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ በከተማው ሁከትና የሱቅ ዘረፋ ተነሣ። የሱቁ ጎረቤት ማማ ዛንዲሌ ደውለው “ባባ፣ እንዳትመጣ! ሱቅህን እያቃጠሉት ነው” አሉት። በሦስተኛው ቀን ሲደርስ ጣሪያው እንኳ አልነበረም። ከባንኮኒው ሥር የተረፈው አመድ ነው፤ አሮጌውም ደብተር፣ ግልባጩም አብረው ነደዋል።

ከዚያ በትዝታው ሠላሳ አንድ ዓረፍተ ነገሮች ጽፎ ላከ። ታትያና መለሰችለት፦ “ማርፋ ያሉት የትኛው፣ አንተ የሠራኸው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ይቅርታ አድርግልኝ።” ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረው። ያናደደው እውነቷን መሆኑ ነው፤ እሱም መለየት አልቻለም።

መጽሐፉ ሲወጣ ቅጂውን በኢሜይል ላከችለት። የማርፋ ስም የለም፤ መንደሯም የለችም። ስለ “ቢሆን” የሚያወራው ምዕራፍ ሁለት ገጽ ብቻ ነው፤ ምሳሌዎቹ ከሌላ መንደር የመጡ ናቸው። ዱካሞ እስከ መጨረሻው አነበበውና ከስልኩ አጠፋው።

አሁን ሜይፌር ሰፈር፣ ሻፊ የሚባል የስልጤ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያወርዳል። አስካለች አንድም ቀን “ብዬህ ነበር” ብላው አታውቅም። እሱ ግን ዝም ማለቷን ይቅር ሊላት አልቻለም፤ እራት ስታቀርብለት ፊቷን ሳያይ ይበላል።