ጧሪ አለኝ ብለህ ጻፍ

ይህ የገጠመኝ በደርግ ዘመን፣ ድሬዳዋ ውስጥ የቀበሌ ጸሐፊ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፣ ብዙም ረስቻለሁ። ያችን ቀትር ግን መርሳት አልቻልኩም። አንዳንዴ በእውን ያለፈች ሳይሆን በእንቅልፌ ያየኋት ትመስለኛለች። ሳትጠፋብኝ ልጻፋት ያልኩትም ለዚህ ነው።

ወጣት ነበርኩ። የጽሕፈት መኪና በአሥሩም ጣቴ ስለምመታ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር። መታወቂያ በሉት፣ የስኳር ኩፖን በሉት፣ የነጻ ሕክምና ወረቀት በሉት፣ በእኔ እጅ ሳያልፍ ከቀበሌው የሚወጣ ወረቀት አልነበረም። ከብዛቱ የተነሳ የምጽፈውን ቃል አላነበውም ማለት ይቻላል።

የምንኖርበት ግቢ ውስጥ አዴ መይሙና የምትባል አሮጊት ነበረች፤ «አዴ» እናት እንደማለት ነው። ድሬ ላይ ለእናትም ለጎረቤትም «አንቺ» ነው፤ እኔም አንቺ ነበር የምላት። ከአንድ ልጇ ከአብዲ ሌላ ማንም አልነበራትም። አብዲ ባቡር ጣቢያ ኩሊ ሆኖ የሚሠራ፣ ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ሠልጥኖ ወደ ሰሜን ከዘመተ አራት ዓመት አልፎት ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ሁለት ደብዳቤ ላከ፤ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ መርዶም አልመጣ፣ ወሬም አልመጣ።

በዚህ ላይ የአዴ ዓይን ደከመ። ግቢው በተራ ያበላት ነበር፤ እሷ ግን ሰው ማስቸገር ስለማትወድ ተደብቃ ታበስላለች። አንድ ቀን የላምባ ምድጃ ስታቀጣጥል የድሪያ ቀሚሷ ጫፍ በእሳት ተያያዘ። ጎረቤት ደርሶ በባልዲ ውሃ አጠፋው። ከዚያ በኋላ እሷው ራሷ ጠርታኝ፣ «ግርማ፣ መጦሪያ አስገባኝ። ሰው ሥራውን ትቶ እኔን ሲጠብቅ ይኖራል እንዴ? እዚያ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ ራዲዮም አለ አሉ» አለችኝ።

የአረጋውያን መጦሪያው ከተማው ዳር ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለ ጡረታ ከሆነ ጡረታው በቀጥታ ለመጦሪያው ይገባና ለኪሱ ትንሽ ይተውለታል። ልጅ ወይም ዘመድ ያለው ከሆነ ያ ዘመድ በየወሩ ይከፍልለታል። ምንም የሌለውን ደግሞ ሙሉ ወጪውን መንግሥት ይችለዋል። መንግሥት እንዲችል ግን ቀበሌው «ጧሪ ቀባሪ የላትም» ብሎ መጻፍ አለበት፤ ባለጉዳይዋም በአውራ ጣቷ ትፈርማለች።

በዚያ ሰሞን አንዲት አልጋ ተለቀቀች። የሚፈልጓት ሌሎች ቀበሌዎችም ነበሩ። ከመጦሪያው የሚላከው አጣሪ የተፈረመውን ወረቀት በመጣበት ዕለት ይዞ ካልተመለሰ አልጋዋ ለሌላ ትሰጣለች ተባልን። እኔም ደብዳቤዬን አስቀድሜ መትቼ፣ ማኅተም አሳርፌ ጠበቅኩ።

አጣሪው የመጣው ልክ በስድስት ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት ሥራ የሚጀምር ሰው ድሬን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ከደጋ ከተዛወረ ገና ወሩ ነበር፤ የሱፍ ኮት ለብሷል። ሱቁ ተዘግቷል፣ የጋሪ ፈረሶች ቆመው አንቀላፍተዋል፣ መንገዱ ከሙቀቱ የተነሳ ውሃ የተኛበት ይመስላል። እኛ ሁለታችን ብቻ በዚያ ነጭ ብርሃን ውስጥ ስንሄድ ኮቴያችን ሳይቀር ይሰማ ነበር። ግቢ ስንደርስም ሁሉም ተኝቷል። አዴ ብቻ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ጠፍር አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀን ነበር።

ለእንግዳው ኮምጣጣውን የሮቃ ፍሬ ጭማቂ ሰጠችው። በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። ቅጹን አውጥቶ ስሟን፣ ዕድሜዋን ሞላ። እኔ ደብዳቤውን ዘረጋሁና አውራ ጣቷን ቀለም ነከርኩት።

«አንብብልኝ እስቲ» አለች።

ለወጉ ያህል ቶሎ ቶሎ አነበብኩት። «ጧሪ ቀባሪ የሌላት መሆኑን» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቷን ሰበሰበች።

«ይሄን ማን አለ?»

«ደንቡ ነው፣ አዴ።»

«ዋሪያ ግርማ! አብዲን አታውቀውም አንተ? ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ በትከሻው ያሻገረህ ማነው?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ? እኔ የለኝም ካልኩ ልጄ የት ገባ ሊባል ነው? ወላሂ በአፌ አልቀብረውም። ጧሪ አለኝ ብለህ ጻፍ።»

አጣሪው ላቡን እየጠረገ በትሕትና ጣልቃ ገባ። «እማማ፣ አለኝ ካሉ እኮ ልጅዎ በየወሩ መክፈል ሊኖርበት ነው።»

«ይከፍላላ! አብዲ የሰው ሐቅ የሚበላ ልጅ አይደለም።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የወሰዳችሁት እናንተ» አለችው፤ ሳትቆጣ፣ ሰዓት እንደምትነግረው ሁሉ።

እኔ በዚያ ሙቀት በረዶ ሆንኩ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ለመንግሥት ሰው አይባልም። ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ፣ «አዴ፣ ወረቀት ነው እኮ፤ ጣትሽን ብቻ አሳርፊ፤ አልጋው ሊያመልጥሽ ነው» አልኳት። «ወረቀት ከሆነማ እውነቱን ቢጽፍ ምን ይጎዳዋል?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩባት። እጇን ይዤ ወረቀቱ ላይ ልጫነው ሁሉ አስቤ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

«ትንሽ አረፍ ልበል፣ ራሴን አዞረኝ» አለ አጣሪው። ኮቱን አወለቀና ከግንዱ ማዶ ያለው አልጋ ላይ ጋደም አለ። ቅጹን ደረቱ ላይ እንዳደረገ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። አዴ አተነፋፈሱን ሰማች። እየዳበሰች ሄዳ እግርጌው ተቀመጠችና በዘንባባ ማራገቢያዋ ታራግበው ጀመር። እኔም ግንዱን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። እንግዳውን ልቀስቅሰው፣ ልተወው እያልኩ ሳመነታ እኔንም ሸለብ አደረገኝ።

ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። ከሩቅ ባቡር ሲያፏጭ ሰማሁ። ጥላው ከእግሬ ላይ ሸሽቶ ሄዷል። የግቢው በር ተከፍቶ አብዲ ሲገባ አየሁት። የኩሊነት ካኪውን ለብሷል፤ ትከሻው ላይ የሰው ሻንጣ አለ። አላናገረኝም። የማራገቢያው ድምፅ ሳያቋርጥ እሽ፣ እሽ ይላል፤ አብዲም አልጋው ላይ የተኛውን ሰው እያየ ቆሞ ነበር። ያን ሰዓት ተኝቼ ነበር ወይስ ነቅቼ ብትሉኝ ዛሬም መልስ የለኝም።

«እማዬ፣ ውሃ» የሚል ድምፅ አባነነኝ። አጣሪው ነው፤ ዓይኑ አልተገለጠም።

«እንካ ልጄ» አለች አዴ፤ ጣሳውን በእጁ አስያዘችው። ግማሽ ድረስ ጠጥቶ ዓይኑን ገለጠ። የት እንዳለ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ቀና ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ያላየሁ መስዬ ወረቀት አስተካከልኩ።

«እናቴን ካየኋት ሦስት ዓመት ሆነኝ» አለ በመጨረሻ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። «ዛሬ ነገ እያልኩ። አሁን ሰው ሄዶ ጧሪ አለሽ ወይ ቢላት ምን ትል ይሆን?»

«አለኝ ነዋ የምትለው!» አለች አዴ፤ ጥያቄው ራሱ ገርሟታል።

ሰውየው ብዕሩን አወጣ። ደብዳቤውን «ጧሪ ቀባሪ የሌላት» የሚለውን አውጥቼ እንደገና እንድመታው አዘዘኝ። ቅጹ ላይ ራሱ ሞላ፤ ሲጨርስም ጮክ ብሎ አነበበላት። «ጧሪ፦ አላት፣ ወንድ ልጅ። ክፍያ፦ ጧሪው ሲመለስ ይታሰባል። እስከዚያው በመንግሥት ወጪ።»

«ሲመለስ የሚለውን ድገምልኝ» አለችው። ደገመላት። ጣቷ ላይ ያለው ቀለም ደርቆ ስለነበር እንደገና ነከርኩትና ቅጹ ላይ አሳረፈች።

አዲሱን ደብዳቤ ቢሮ መትቼ ሰጥቼው ስሸኘው፣ «ጓድ፣ ይህ ነገር ያልፋል?» አልኩት በፍርሃት። «እንጃ፤ ግን ውሸት የለበትም» አለኝ። ኮቱን በክንዱ ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ አግኝቼው አላውቅም።

ወረቀቱ አለፈ። ማን አንብቦት፣ ማን ሳያነበው እንደፈረመበት አልሰማሁም። አዴን በጋሪ ወስደን አስገባናት። ዓመታት ኖረች። ልጠይቃት ስሄድ በነጻ ከሚጦሩት ጋር ሳይሆን ጡረታቸው ከሚቆረጥባቸው ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጣ ነበር የማገኛት። «ለእኔ ልጄ ነው የሚከፍለው» ትላቸዋለች። ሾርባው ጨው ካነሰው፣ «አቦ፣ ልጄ የሚከፍለው ለዚህ ነው እንዴ?» ብላ ወጥ ሠሪዋን ትቆጣለች። ወጥ ሠሪዋም ትጨምርላታለች።

አብዲ አልመጣም። አዴ በአንድ የበጋ ቀን ዐረፈች፤ የግቢያችን ሰዎች ሁላችንም ሄደን በሃይማኖቷ ሥርዓት ቀበርናት። ከሳምንት በኋላ የቀበሌው ተወካይ ሆኜ መዝገቧን እንዳዘጋ መጦሪያው ጠራኝ።

የመዝገብ ቤቷ ሴት ዶሴውን ገልጣ ግንባሯን ቋጠረች። «ጧሪው ሲመለስ ይታሰባል ይላል። ተመልሷል?»

«አልተመለሰም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ወጪ ማን ላይ ልዝጋው? በቃ፣ ሞቷል ብለህ ፈርምልኝና ልሰርዘው።» ብዕሩን በእጄ አስያዘችኝ።

ስንቱን ወረቀት ሳላነበው የፈረምኩ ሰው ነኝ። ያቺን አንዲት ቃል መጻፍ አቃተኝ። «አልፈርምም» አልኳት። ብዕሩን መልሼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። ሴትዮዋ ትንሽ አየችኝና ሂሳቡን ሳትዘጋ ዶሴውን ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

መንግሥት ተለወጠ፤ እኔም ሸበትኩ። ያ ዶሴ የት እንደደረሰ አላውቅም። በሰው ላይ ዕዳ ተመኝቼ የማላውቅ ሰው ለአብዲ ግን እስከ ዛሬ እመኝለታለሁ። አንድ ቀን አንድ ረጅም ሽማግሌ እዚያ ቢሮ ይግባና፣ «የእናትህ ወጪ አለብህ፤ ክፈል» ብለው ይያዙት። እሮጣለሁ፤ እኔ እከፍልለታለሁ።