የዱባው ተረትና የአቶ በየነ ቦይ

ልጅ ሳለሁ የተረት መጨረሻ እንዲሁ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አልነበረም። የሌላ ቤት ልጆች ማታ ተረት ተጀምሮ፣ እዚያው አልቆላቸው ይተኙ ነበር አሉ። እኛ ቤት ግን ተረት ዛሬ ይጀመርና የሚያልቀው ሥራ ከተሠራ በኋላ ነበር። ይህን ሕግ ያወጣችው የአባቴ አክስት እማማ ሎሚ ናት።

ቤታችን ከጨለለቅቱ ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ በላይ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ነበር። ቡናውና እንሰቱ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ተጠጋግተው ስለሚበቅሉ፣ ከመንገዱ ሆኖ ሽቅብ ለሚያይ እንግዳ ዳገቱ ጫካ እንጂ የሰው ጓሮ አይመስለውም። ከእኛ በላይ አቶ በየነ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩ። ከእኛ በታች፣ ከመንገዱ ዳር፣ ጋሽ ሙዘይን ሱቅ ነበራቸው። ሱቃቸው ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይና ለልጅ የሚመረቅ ከረሜላ የማይጠፋበት ነበር።

እማማ ሎሚ ባሏ ከሞተ በኋላ ነው እኛ ዘንድ የመጣችው። አጠር ወፈር ያለች፣ ድምጿ የጎረነነ፣ ስትስቅ ትከሻዋ አብሮ የሚስቅ ሴት ነበረች። ያኔ ሰፈራችን መብራት አልገባም ነበርና፣ ቆጮውና ጎመኑ ተበልቶ እንዳበቃ እናቴ ፍሙን ገለጥ ታደርገዋለች፣ ኩራዙም ከምሰሶው ላይ እየተወዛወዘ የሁላችንንም ጥላ በቀርከሃው ግድግዳ ላይ ያንቀሳቅሰዋል፣ እርጥብ የቡና እንጨት ዓይናችንን እያስለቀሰ ይጨሳል፣ እኛም እንባችንን በእጃችን እየጠረግን ወደ እማማ ሎሚ እንጠጋለን። ተረቱን በእኛው በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ ትጀምራለች። የጋሽ ሙዘይን ልጆች መጥተው ከሆነ ግን ወደ አማርኛ ታዞረዋለች፤ በአማርኛዋ ጅቡ «መጣች» ይሆናል፣ ላሟ «በላ» ትሆናለች። እኛ ስህተት አይመስለንም ነበር። እንዲያውም ተረት የሚወራው እንዲያ ይመስለን ነበር።

ከዚያ ልባችን ሲንጠለጠል፣ ጦጣዋ ከቅርንጫፉ ልትወድቅ ስትል፣ እማማ ሎሚ ነጠላዋን ታጣፋና ትነሳለች።

«ከዚያስ እማማ?»

«ከዚያማ ነገ ነው። ሁላችሁም ነገ አንድ አንድ ሸክም የእንሰት ቅጠል ከቡናው ሥር ካላለበሳችሁ ጦጣዋ አትወርድም። አፈሩ ራቁቱን ነው፤ ዝናቡ ሲመታው አያሳዝናችሁም?»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለስን የደረቀ ቅጠል ተሸክመን ስንሯሯጥ ያየን ሰው እንዴት ያሉ ታታሪ ልጆች ናቸው ይል ነበር። እኛ ያጣደፈን የጦጣዋ ነገር ነበር። ታናሽ ወንድሜ ታሪኩ አንድ ጊዜ የሁላችንንም ቅጠል ከአንዲት ቡና ሥር ከምሮ ጨርሻለሁ ብሎ ገባ። እማማ ሎሚ ጓሮውን ዞራ አይታ ገባች። ማታ ግን ጦጣዋ አልወረደችም፣ በማግስቱም አልወረደችም፣ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ዛፏ ላይ ሰነበተች። ታሪኩን ያኔ ልንደበድበው ምንም አልቀረንም።

በዚያ ዓመት ክረምት ግን ከልጅ ጨዋታ የከበደ ነገር መጣ። አቶ በየነ ከላይ ያለውን መሬታቸውን ዛፍ መንጥረው በቆሎ ዘሩበት። ዝናቡ ሲጠነክር አዲሱ ማሳቸው እንዳይታጠብ ብለው ቦይ ቆፈሩ፤ ቦዩን ግን ቀጥ አድርገው ቁልቁል ለቀቁት። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንደጣለ ያ ውሃ ሁሉ ተሰብስቦ እየጮኸ እኛ ጓሮ ገባ። አባቴ በሚያዝያ የተከላቸውን የቡና ችግኞች ጠራርጎ ወሰደ፣ የእንሰቱንም ሥር አራቆተው። አባዬ የተነቀለ ችግኝ በእጁ እንደያዘ ሽቅብ ወጣ። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሁለቱ ሰላምታ አቆሙ። የአቶ በየነ ልጅ ወርቅነሽ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ከእሷ ጋር አብሬ እንዳልሄድ ማንም አልከለከለኝም፤ ቢሆንም ቤታቸው በር ስደርስ እግሬ እየከበደኝ መጣ።

አባዬም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ጓሯችንን ቶሎ አልፎ እንዲሄድ እሱም በበኩሉ ቦይ ቆፈረ፤ እሱም ቁልቁል። ውሃው እኛን ማለፉንስ አለፈ፣ ቀይ አፈራችንን ጠቅልሎ ይዞ ጋሽ ሙዘይን ሱቅ በራፍ ላይ ደፋው። ጋሽ ሙዘይን ጨዋታ የሚወዱ ሰው ነበሩና ሳሙና ልገዛ ስሄድ በአካፋ እየዛቁ፣ «ለአባትሽ ንገሪልኝ፣ መሬታችሁ በሰላም ደርሷል። ቦታ ስለጠበበኝ ኑና ውሰዱ» አሉኝ። ለአባዬ ስነግረው አልሳቀም።

የወረዳው የግብርና ባለሙያ፣ ዲላ ተምራ የመጣች ወጣት ሴት፣ በዚያ ክረምት ደጋግማ መጥታለች። ቦዩ በዳገቱ አግድም መሄድ እንዳለበት፣ ውሃው እዚያው ቆሞ እንዲሰርግ፣ ከጠርዙ ላይም ሳር እንዲተከል ለሁለቱም በየቤታቸው አስረድታለች። ሁለቱም እውነቷን ነው ይላሉ። አቶ በየነ «ደምሴ ይጀምር» ይላሉ፤ ደምሴ፣ ማለትም አባቴ፣ «የላይኛው ሳይጀምር እኔ ምን ልሥራ?» ይላል። ውሃው ግን ማንንም አልጠበቀም። የቦያችን ጎን በየዝናቡ እየተናደ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ሆነ፣ ወደ ማድ ቤታችንም እየተጠጋ መጣ። እናቴ ሌሊት ዝናብ በጣለ ቁጥር ተነስታ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ፣ አቶ በየነ ከገበያ ሲመለሱ ዝናቡ ደጃችን ላይ ያዛቸው። ከጣራችን ጠፈር ሥር ተጠግተው ቆመው ሳሉ እናቴ አየቻቸው። ሰው በዝናብ ደጅ ቆሞ ማን ዝም ይላል፣ «ይግቡ እንጂ!» አለች። ገቡ። አባዬ ከመቀመጫው ብድግ አለና ወንበሩን ሰጣቸው። እሳቱ በመካከላቸው እየነደደ ሁለቱም ፍሙን ብቻ ያዩ ጀመር። ያኔ ነው እማማ ሎሚ ማንም ሳይጠይቃት ተረት የጀመረችው።

«አንድ ዳገት ላይ፣» አለች፣ «ቤት የሚያህል ዱባ በቀለ። ከብዶት ሐረጉ ተበጠሰና መንከባለል ጀመረ። የመጀመሪያው ቤት ሰውዬ ዱባው ሲመጣ አየና አጥሬን እንዳይሰብርብኝ ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ‹እለፍ፣ እለፍ፣ ጎረቤት ሂድ!› አለው። ዱባው በፊት በር ገብቶ በጓሮ በር ወጣ። ሁለተኛው ሰውዬም ሰማና ከፊተኛው ይልቅ ሰፊ በር ከፈተ። ‹ፍጠን፣ ፍጠን!› አለው። ሦስተኛውማ በሩን ነቅሎ ጣለለት። ዱባው ታዲያ በየቤቱ ፍጥነት እየተጨመረለት እንዴት ያለ ዱባ ሆነ መሰላችሁ! ከታች፣ ከዳገቱ ሥር፣ አንዲት አሮጊት በሯ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ቀና ስትል ዱባው...»

ነጠላዋን አጠፈች።

እኛ ለምደነዋል፤ አቶ በየነ ግን አልለመዱም። «እሺ፣ አሮጊቷስ?» አሉ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው።

«ዝናቡ አባርቷል በየነ። ቤትህ ግባ።»

«ኧረ እማማ! ልጅ አደረጉኝ እንዴ?»

«መጨረሻው ያለው ቦይህ ውስጥ ነው። ሄደህ ቆፍረህ አምጣው።»

አባዬ ሳቁ አመለጠው። እማማ ሎሚ ዞር አለችበት። «አንተስ ደምሴ ምን ያስቅሃል? ሁለተኛው በር የማን መሰለህ?»

የአባዬ ሳቅ አፉ ላይ ቀረ። አቶ በየነ አንገታቸውን ደፉ፣ ትከሻቸው ግን ሲርገፈገፍ አየሁት። ወዲያው ኮፍያቸውን አድርገው፣ «ደህና እደሩ» ብለው ወጡ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ለቤታችን የተናገሩት የመጀመሪያ ሰላምታ ነበር።

በማግስቱ አልቆፈሩም፤ በሳልስቱም አልቆፈሩም። የተቀየሙ ይመስለኛል። የተጎዳነው ግን እኛ ነን፤ እማማ ሎሚ መጨረሻውን ለእኛም አልነግርም አለች። ስለዚህ ሥራውን እኛ ያዝነው። አቶ በየነን ባየን ቁጥር፣ «ዱባው እየተንከባለለ ነው! መቼ ነው የሚያዞሩት?» እያልን እንከተላቸው ጀመር። ወርቅነሽም ቤት ውስጥ አላስቀምጣቸው አለች። ወሬው ጋሽ ሙዘይን ሱቅ ደረሰና እሳቸው በተራቸው ለመጣው ገበያተኛ ሁሉ ይጠይቁ ጀመር፤ «የአሮጊቷን ነገር ሰማችሁ?» ሰማን የሚል ጠፋ። አቶ በየነ ገበያ መሃል የማያውቁት ሰው ሳይቀር «መጨረሻው ምን ሆነ?» ብሎ እንዳስቆማቸው ኋላ ላይ ራሳቸው እየሳቁ ነግረውናል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከላይ የዶማ ድምፅ ሰማን። አባዬ ቁርሱን አቋርጦ አዳመጠ። ድምፁ ወደ ታች አይመጣም፤ በአግድም ነው የሚሄደው። ዶማውን አነሳና ሽቅብ ወጣ። እኛም ተከተልነው። አቶ በየነ ቀና ብለው አዩት፣ ትንሽ ጠጋ አሉለት፣ ሁለቱ ጎን ለጎን መቆፈር ጀመሩ። ወርቅነሽ ሮጣ ባለሙያዋን ጠርታ መጣች። ባለሙያዋ በሁለት እንጨት መካከል ገመድ ወጥራ፣ ውሃ ልክ አንጠልጥላ፣ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አስያዘችን። እኛ ልጆቹ ገመድ ያዥ መሆናችን ሹመት መስሎን ነበር። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሙዘይን ሱቃቸውን ዘግተው፣ አካፋቸውን በትከሻ፣ ዳቦ በፌስታል ይዘው ደረሱ። «በራፌ ላይ ጭቃ ስዝቅ መሰንበቴ ይበቃኛል፣» አሉ፣ «ከምንጩ ልያዘው ብዬ ነው።»

ጠቅላላው ሥራ ብዙ ቀን ወሰደ። የእኛም ቦይ ተደፍኖ በአግድም ተቆፈረ፣ አፈሩ ከታችኛው ጠርዝ ተደለደለ፣ ሥሩ አፈር የሚይዝ ደሾ የሚባል ሳር ተተከለበት። ማታ ማታ እማማ ሎሚን ስንለምናት ግን «መጀመሪያ ዝናቡ ይየው» አለች።

ዝናቡም መጣ። ትልቅ ዝናብ ነበር። የሁለቱም ቤት ሰው ትንሽ ትልቁ የእንሰት ቅጠል እራሱ ላይ ይዞ ወጣ። ውሃው ከላይ እየተጣደፈ መጥቶ የአቶ በየነ ቦይ ውስጥ ገባ፣ ሞላ፣ ሞላ... በአንደኛው ጫፍ ጠርዙ ተሰነጠቀ። «ደምሴ!» ብለው ጮኹ አቶ በየነ። አባዬ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ደርሶ የራሱን ገላ ክፍተቱ ላይ አጋደመ፤ እሳቸው አፈር ይዝቃሉ፣ እሱ «እዚህ! እዚህ ጋ! የት ነው የምታየው?» እያለ ይቆጣቸዋል፣ እሳቸውም «አንተ ዝም ብለህ ተኛ!» ይሉታል። አንቱታው ከጎርፉ ጋር አብሮ ሄደ። ቦዩ ጸና። የተረፈው ውሃ ሳሩን እየዳበሰ ቀስ ብሎ ወረደ፣ የእኛ ቦይ ተቀበለው፣ እዚያም ቆመ፣ ሲነጋጋም አልነበረም፤ አፈሩ ጠጥቶታል። የማድ ቤታችን ጥግ ሳይነካ አደረ።

ዝናቡ የጣለ ዕለት ማታ ቤታችን በጭቃ ሰዎች ሞላ። ጋሽ ሙዘይን እንኳ የሱቃቸው በራፍ ንጹሕ መሆኑን ሊያበስሩ ብለው መጥተው ቀሩ። ልብሳችን እሳቱ ዙሪያ እየተነነ፣ አቶ በየነ በአባዬ ጋቢ ተጠቅልለው፣ እማማ ሎሚ ተረቱን ጨረሰችው። አሮጊቷ ዱባው ከመድረሱ በፊት ጎመኗን ይዛ ዘላ አመለጠች፤ ዱባው ግን ቤቷን አፈረሰ፣ ራሱም ተፈረካከሰ፣ ለማንም ሳይሆን ቀረ። አሮጊቷ ተነስታ ዳገቱን ወጣችና በየቤቱ ተቆጣች። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዱባ ሲመጣ ሁሉም በየበሩ የሣር ክምር አስቀምጦ ጠበቀው። ዱባው ከክምር ክምር እየተጋጨ፣ እየደከመ፣ አሮጊቷ በር ሲደርስ ቁጭ አለ። ሁሉም ቢላዋ ይዞ ወርዶ አብረው ቀቅለው በሉት።

«ይኸው ነው?» አሉ አቶ በየነ። «ለዚህ ነው ወገቤን ያጎበጥኩት?»

«ዱባ መብላት አነሰህ?» አለቻቸው፤ ትከሻዋ መሳቅ ጀመረ፣ ከዚያ ሁላችንም።

እማማ ሎሚ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። እኔ ዛሬ ዲላ ነው የምኖረው፤ ልብስ እሰፋለሁ። ከአባዬ የተካፈልነው መሬት ስላለን ከክረምት በፊት ታሪኩና እኔ ወጥተን ደለል የሞላውን ቦይ እንጠርጋለን፣ ሳሩን እንደግመዋለን። ወርቅነሽና ወንድሞቿ ከላይ የራሳቸውን ይሠራሉ፤ ሥራው ሲያልቅ አብረን እንቀመጣለን። ከሰማኋቸው ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። የቀረኝ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ከተማ ከገባሁ በኋላ ነው። ዝናብ ሲጥል የሰፈሬ ሰው መስኮቱን ይዘጋል፤ እኔ እቤት መቀመጥ አልችልም። ውሃው በአስፋልቱ ዳር እየተጣደፈ የት እንደሚሄድ፣ ማን ደጅ እንደሚገባ ካላየሁ ዕረፍት የለኝም። ወጥቼ ቱቦ የደፈነውን ቆሻሻ በእንጨት እገፋለሁ፣ ከታች ያለችውን ጎረቤቴን ውሃው ደርሷት እንደሆነ ጠይቄ እመለሳለሁ። ባለቤቴ «ደግሞ ወጣች!» እያለ ይስቅብኛል።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ጣራው ላይ ዝናቡ ወረደ። የምሰፋውን ቀሚስ ጥዬ ጃንጥላዬን ብፈልግ ከቦታው የለም። ሴት ልጄ ዘርግታው፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር።