የአልሙኒየሙ ድስት

ትናንት ምድጃ ላይ የረሳሁት ድስት ነፍሮ ደርቆ ሲያር፣ ሽታው ሸዋ ሮቢት ወዳለው የልጅነቴ በረንዳ መለሰኝ።

የጦርነት ጊዜ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ያኔ የተዋጊ ጄት አብራሪ ነው። ጎረቤቶቻችን፣ የፊዚክስ መምህሩ ጋሼ ከበደና የቀድሞው የአውሮፕላን መካኒክ ጋሼ ሰይድ፣ ከሙቀቱ ሸሽተው በረንዳችን ላይ እሱ ስለሚያበረው ጄት ይከራከራሉ።

«አዲስ ሞተር ከተገጠመለት እኮ አለቀ፣ የሚደርስበት የለም!» አሉ ጋሼ ከበደ።

«ሞተሩ ቢታደስ ቆዳው ያው ነው። ቲታኒየም መሰለዎት እንዴ?» ጋሼ ሰይድ እማዬ ወጥ ልታወጣ የያዘችውን ድስት በጣታቸው አንኳኩ። «ወላሂ፣ ይኸው አልሙኒየም ነው። እሳት ከያዘው ይቀልጣል።»

እማዬ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች። ጋሼ ሰይድ ደንግጠው «አስተግፊሩላህ» አሉ።

እኔ የገባኝ ወንድሜ ድስት ውስጥ ተቀምጦ እንደሚበር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ እማዬ ያንን ድስት እሳት ላይ ጥዳው አታውቅም፤ ወጡ ሁሉ በሸክላ ሆነ። እኔም ከሰማይ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጓዳ ሮጬ እዳብሰዋለሁ። ቀዝቃዛ ከሆነ ወንድሜ ደህና ነው።

ወንድሜ በሰላም ተመልሶ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ትናንት ግን እሳቱን ከማጥፋቴ በፊት የደወልኩት ለእሱ ነው።