«ጾመው ይምጡ»

አባቴ እህል አልዋጥ ሲላቸው ለማንም አልተናገሩም። እኔ የደረስኩበት ማዕድ ላይ ነው። ጉርሻቸው እያነሰ ሄደ፤ ከጎረሱ በኋላ ውሃ ይጎነጫሉ፣ ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው እስኪወርድላቸው ይጠብቃሉ። «ምን ሆኑ፣ አባ?» ስላቸው «ማሽላው ነው፣ ደረቀብኝ» ይሉኛል። ጤፍ ሳቀርብላቸውም ማሽላው ነው። ታላቅ ወንድማቸው የሞቱት በዚሁ ነበር፤ መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ በመጨረሻ ውሃው አልወርድ አላቸው። ሁለታችንም የምንፈራውን እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን ጠፋ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው።

መርሳ ከተማ ያየን ሐኪም ወልድያ ሄደን ኢንዶስኮፒ እንድንታይ ጻፈልን። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራን ያያል ብሎ አስረዳን። አባቴ የሚያውቁት ካሜራ ሠርግ ላይ በትከሻ የሚሸከሙትን ነው። «እንጀራ ያቃተኝን ሰውዬ ካሜራ ዋጥ ሊሉኝ ነው!» እያሉ ጎረቤቱን ሲያስቁ ሰነበቱ። ቀጠሮውን የያዝኩት በስልክ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ነርስ ጨዋ ናት፣ ግን ችኩል፤ «ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ጾመው ይምጡ» ብላ ዘጋችው።

እውነትም ጾመው ሄዱ። ነርሷ ምግብ ከወሰዱ ምን ያህል እንደቆዩ ስትጠይቃቸው «ከንጋቱ የሱብሂ አዛን ወዲህ ውሃ እንኳ በአፌ አልዞረም» አሉ፣ ኮራ ብለው።

«ከአዛኑ በፊትስ?»

«ስሁሬንማ በላሁ! ያለ ስሁር ምን ጾም አለ?»

ገንፎ ነበር የበሉት፣ ያውም በቅቤ። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ዛሬ አይሆንም» አለች። እኔ ቁጣዬ ቅርብ ነው። «ጹሙ አልሽ፣ ጾሙ! ሌላ ምን ያድርጉልሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ይሄኔ አጠገባችን የተቀመጡ፣ ነጠላ ያጣፉ እናት አፋቸውን በእጃቸው ሸፈን አድርገው «ኧረ ልጄ፣ እኔም እኮ ጾሜ ነው የመጣሁት፤ ጠዋት የቀመስኳት ሽሮ የጾም ናት፣ በዘይት» አሉ። ቀኑ የፍስክ ነበር፤ ለምርመራው ሲሉ ነው ቅቤውን የተዉት።

ነርሷ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ አባቴን አየችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አባቴም «እህቴ፣ የእርስዎ ጾም ይሻላል፣ ቁርስ አለው» አሉ። «የእርስዎስ ቢሆን፣ ገንፎ አለው አይደል?» አሉ ሴትዮዋ። እኔም የተቆጣሁበት ነገር ጠፋብኝ።

ያን ጊዜ ነው ነርሷ ቁጭ ብላ ያስረዳችን። «የሚያስተኛ መድኃኒት በደም ሥር እንሰጣለን። ሆድ ውስጥ ምግብ ካለ፣ በእንቅልፍ ልብ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ይገባል። እኔ የምፈራው ገንፎውን ነው፣ ካሜራውን አይደለም። ማታ ቀለል ያለ እራት፣ ከዚያ በኋላ እህል የለም፤ ጠዋት ውሃም የለም። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን፣ አስቀድማችሁ ንገሩን። የሚመልሳችሁ ሰው ሳትይዙም አትምጡ።» ወጣ ስንል «ጾም የሚለውን ቃል ሁለተኛ ከአፌ አላወጣም» ስትል ሰማኋት።

እስከ ሁለተኛው ቀጠሮ ያሉት ቀናት ከበዱኝ። አባቴ አንድ ቀን ማንጎ ሲያጠጡ ቆም ብለው የትኛው ዛፍ ለየትኛው ልጅ እንደሚሆን ይነግሩኝ ጀመር። እንዳልሰማ ሆኜ ውሃውን ወደ ሌላው ቦይ መለስኩት። እንዲያ የከፋኝ ቀን አላስታውስም።

በቀጠሮው ቀን ሆዳቸው ባዶ ነበር። ነርሷ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው እንዲያወጡ ስትጠይቃቸው «የቀሩኝን ሁሉ የሠራቸው አላህ ነው» አሏት። አልጋው ላይ ሲወጡ ግን ቀልዱ አለቀ። «ካልነቃሁስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«እንደ ቀዶ ሕክምና ያለ ከባድ እንቅልፍ አይደለም፣ አባቴ» አለ ሐኪሙ። «እርስዎ ራስዎ እየተነፈሱ ነው የሚያንቀላፉት። ይቺ ጣትዎ ላይ ያደረግናት መቆንጠጫ ኦክስጅንዎን ትነግረናለች፤ እኛም ከአጠገብዎ አንለይም።» በግራ ጎናቸው አስተኟቸው። መድኃኒቱ መግባት ሲጀምር «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያሉ ሸሃዳቸውን ያዙ፤ እኔን አስወጡኝ። ውጭ ዱአ ላደርግ ብል ቃሉ ሁሉ ጠፋኝና «ያ አላህ» ብቻ እያልኩ ቆየሁ።

ብዙም ሳይቆይ ተጠራሁ። አባቴ ዐይናቸውን ገልጠዋል። «የምግብ ቧንቧቸው ታችኛው ጫፍ በጨጓራ አሲድ ቆስሏል» አለ ሐኪሙ። «የፈራችሁት ክፉ ነገር የለም። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይውሰዱ፣ ቁስሉ ሲሽር መዋጡም ይቀላቸዋል።» አባቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ መረቁት። እኔ ሰው ያየኛል ሳልል አለቀስኩ።

ነርሷ ወደ ጎን ሳብ አደረገችኝ። «የሰሙ ይመስላሉ እንጂ መድኃኒቱ ያስረሳቸዋል፤ ውጤቱን አንቺ ያዢው። ጉሮሯቸውን ያደነዘዝንበት መድኃኒት ሳይለቅ ምንም እንዳትሰጫቸው። ትንሽ ሊከረክራቸው፣ ሆዳቸውም ሊነፋ ይችላል፣ ያልፋል። ሕመሙ ከጠና ወይም ደም ካስመለሳቸው ግን ወዲያው አምጫቸው። ዛሬ ደግሞ ምንም እንዳይሸጡ፣ እንዳይለውጡ።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። አባቴ ብቅል ቀምሰው አያውቁም፤ ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ግን መድኃኒቱ የብቅሉን ሥራ ሠራ። አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰውዬ መጀመሪያ አንዲት ፍየል ሰጡት። ቀጥለው «ወንድሜን የገደለው መስሎኝ ነበር እኮ፤ ልጄ እንዳትደነግጥ ብዬ ዋጥ አድርጌ ያዝኩት» አሉት፣ እኔ በሌላው ጎናቸው ተቀምጬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሐኪሙ ምን አለ?» አሉኝ።

«ቁስል ብቻ ነው፣ አባ። ክፉ ነገር የለም።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱ። ሲሪንቃ ሳንደርስ እንደገና ጠየቁኝ፤ ስናልፍም ጠየቁኝ። በየጊዜው አዲስ የምሥራች ነበር፣ በየጊዜው ፊታቸው ይበራል። መርሳ ልንገባ ስንል እኔ አፌን ሳልከፍት ተሳፋሪው ሁሉ «ቁስል ብቻ ነው፣ አባ!» ብሎ መለሰላቸው።

ማታ አጥሚት ቀረበላቸው፤ ቀስ እያሉ ጨረሱት። ፍየሏን መቼ እንደምናስረክብ ስጠይቃቸው «እሱን መርፌውን ጠይቂው» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ባዶውን ኩባያ አስቀመጡና «ልጄ፣ ሐኪሙ ምን አለ?» አሉኝ።

ዐይናቸውን አየሁት። ጥርት ብሎ ነቅቷል፤ የአሁኑን አይረሱትም። ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው።