የጠዋቱ ክኒን

ኅዳር 12 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ታናሽ ወንድሜ ዲያቆን አንማው «ተንሥኡ ለጸሎት» ሊል ቆሞ ሳይል ቀረ። ልብሰ ተክህኖውን እንደለበሰ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ምክንያቱን ስጠይቀው «ኃጢአቴን ከኋላዬ ቆመው ያነባሉ» አለኝ። ከኋላው ማንም አልነበረም።

ከዚያ በፊት ሳምንታት እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ እናታችን ትምህርት ይዞት መስሏት ዝም አለች። ሁለት ሳምንት ጠበል አስጠመቅነው። «ምግቡ ተመርዟል» ብሎ መብላት ሲያቆም ከቡሬ ሚኒባስ ተሳፍረን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄድን።

የተቀበለችን የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት። ስሟን ለውጬ ሲስተር ይመኙሻል እላታለሁ። አስቀድማ የወባ ምርመራ አዘዘች። ስለ አረቄ፣ ስለ ጫት፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ እንደሆነ ጠየቀች። ራሱን ስለ ማጥፋት አስቦ ያውቅ እንደሆነም በግልጽ ጠየቀችው። እኔ ደነገጥሁ፤ እሱ ግን ሸክም እንደወረደለት ሰው መለሰላት።

«ሳይኮሲስ እንለዋለን» አለች። «ስኪዞፍሬኒያ ይሁን ሌላ፣ እሱን ጊዜ ነው የሚነግረን።»

«ጠበሉስ፣ ልጄ?» አለች እናቴ።

«ይጠመቅ እንጂ እማማ። ክኒኑንም ይዋጥ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።»

ሪስፐሪዶን ታዘዘለት፤ በየቀኑ ጠዋት አንድ። በጥር ድምፆቹ ጠፉ። ከትንሣኤ በኋላ ወደ አገልግሎቱ ተመለሰ። እኔ ለዘገባ ከምዞርበት ሁሉ እደውልለት ነበር። «መድኃኒትህን እየወሰድህ ነው?» «አዎ።»

ነሐሴ 18 ቀን እናቴ ደወለች። አንማው ብር ወንዝ ዳር ተገኘ። ወንዙ ሞልቷል። ሊገባ ነበር። ጎረቤቶች ደረሱ። ያዙት። በገመድ አሰሩት።

ሆስፒታል ሲያደርሱት ሲስተር ይመኙሻል መጀመሪያ ገመዱን ፈታች። ሃሎፔሪዶል የሚባል ማረጋጊያ መርፌ ወጋችው። ተኛ።

በአራተኛው ቀን መነጋገር ቻለ። ሲስተር ከቤት ያመጣነውን የክኒን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ብዙ ተርፏል።

«ዋሽተኸኛል!» አልሁት።

በእጇ ዝም አሰኘችኝና ወደ እሱ ዞረች። «ዲያቆን፣ በፍልሰታ ከቅዳሴ ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«ሁሉንም ቀን ቀደስህ?»

«አሥራ አምስቱንም።»

«የጠዋቱን ክኒንስ?»

«ውኃ ሳልቀምስ ነው የምገባው። ስወጣማ ጠዋቱ አልፏል።»

ወረቀቱ «ጠዋት» ይላል። ጠዋቱ ሲያልፍ የዚያ ቀን መድኃኒትም ያለፈ መስሎት ለነገ ያሳድረው ነበር፤ ነገም ቅዳሴ አለ። አልዋሸም። ሥራዬ መጠየቅ የሆነው እኔ ግን በእነዚያ ሁሉ ወራት አንድ ጊዜ እንኳ «መቼ?» አላልሁም።

እሷ «ጠዋት» የሚለውን ሰርዛ «ማታ፣ ከእራት በኋላ» ብላ ጻፈች።

«ኧረ እቺስ ነርስ አይደለችም፣ መሪጌታ ናት!» አለች እናቴ። አንማው ሳቀ። ካገረሸበት ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

በሥራዬ ብዙ አዋቂ ሰው አነጋግሬአለሁ፤ ነገር ግን አንዲት ሴት መድኃኒቱ በደም ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይና የፍልሰታ ቅዳሴ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ እኩል አውቃ፣ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ስታገናኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ባሰብሁት ቁጥር ይደንቀኛል። ምስጋናዬን ስነግራት «የሚጾመው ሰው እኮ ነው የሚታመመውም» ብላ ወደ ቀጣዩ ታካሚ ዞረች።

እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቤታችሁ ካለ፣ መውሰዱን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን፣ ከምን ጋር እንደሚወስደው፣ የሚዘለውም በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቁ። ከመድኃኒቱ የተነሣ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ሰውነቱ ቢከብደው ለሐኪሙ ንገሩ፤ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ደኅና ሲሆንም ቢሆን። መሞት እንደሚሻ ከተናገረ ቀን አትቁጠሩ፣ ያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ውሰዱት። ገመድም አትፈልጉ።

ባለፈው እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዲያቆን አንማው «ተንሥኡ ለጸሎት» አለ። ሕዝቡ ተቀበለው።