ፐርክስ አለው የተባለው ቦታ

በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል «እትዬ ካውያ» ነው የሚሏት። አንሶላ ስትተኩስ እጥፋት አታስቀርም፤ አፏ ደግሞ ከካውያው ይብሳል።

የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ ሥራ አስኪያጁ አስጠራት።

«ቦታው ለእርስዎ ነው የሚገባው። ፐርክስም አለው» አላት።

«ምን አለው?»

«ፐርክስ! ከቦታው ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ነው። ያዩታል» ብሎ ፈገግ አለ።

ፈገግታው አልጣማትም። ማታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ «በሽታ እንዳይሆን ብቻ» አላት።

«አንተ ትቀልዳለህ! ደግ ነገር ቢሆን በምንግባባበት ቋንቋ አይነግረኝም ነበር?»

ከሰኞ ጀምሮ ፐርክሱ መጣ። መኪና በሯ ድረስ መጥቶ ወሰዳት። የራሷ ቢሮ ተሰጣት፤ አንዱ ግድግዳ መስታወት ነው፣ አጣቢዎቹን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ምሳም ላይኛው ፎቅ ከአለቆቹ ጋር ሆነ። ታች ያሉት ሴቶች ግን ብቅ ስትል ወሬ ያቋርጡ ጀመር። የልብ ጓደኛዋ እንኳ «አንቺ» ማለቱን ትታ «እርስዎ» አለቻት።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሥራ አስኪያጁ ሥጋውን እየቆረጠ፣ «ማኅበር እናቋቁም እያለች ሴቶቹን የምታነሳሳ አለች አሉ። ማን ትሆን?» አለ፣ እንደ ዋዛ።

ሹካዋን አስቀመጠች። የምታነሳሳዋ ያችው የልብ ጓደኛዋ መሆኗን ታውቃለች።

«ጌታዬ፣ ይሄ ምሳ ፐርክስ ነው?»

«አዎን።»

«ጥያቄውስ?»

ሳቀ። ሌሎቹም ተከትለውት ሳቁ። «ኧረ ጨዋታ ነው!»

«ለጨዋታማ ታች ሰው አለኝ» ብላ ሳህኗን አንስታ ወረደች።

ጓደኛዋ ሳህኑን አየች፣ ፊቷንም አየች። «ልከውሽ ነው?»

«እንኳን ‹አንቺ› አልሽኝ» አለችና ከላይ የሆነውን አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ከዚያም አብረው በሉ።

በሳምንቱ መኪናው ቀረ፤ ቢሮውም ለዕቃ ማስቀመጫ ይፈለጋል ተባለ። ከኃላፊነቷ ግን አላነሷትም፤ ሥራውን እንደ እሷ የሚያውቅ አልተገኘም። ማኅበሩ ሲቋቋም ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እጇን አወጣች። ዛሬም ከሴቶቹ አንዳንዷ እሷን ስታይ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። እሷም አትቀየማትም፤ በቦታዋ ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር።